መስመሩን ልቀቁ

የአየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ በትልቁ «ነፃ ዋይፋይ» ተብሎ ተጽፏል። ነፃ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያንን ጽሑፍ ፊት ለፊቴ አድርጌ ስልኬን ስነካካ ጣቴ ዛለ፤ ዋይፋዩ ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ይኼን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፣ ንዴቴ እንዲገባችሁ ነው። ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን ከልጇ የተለየች እናት በእነዚህ እጆቼ አገናኝቻለሁ። እና እርጅናዬ መጥቶ እኔ አንድ ሰው ብቻ ፈልጌ አጣሁ። አንዲት እህቴን!

ታላቅ እህቴ ያን ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት ቀዶ ጥገና ልትገባ ነበር። ጉሮሮዋ ላይ የወጣው ክፉ እብጠት ከነማንቁርቷ ተቆርጦ ሊወጣ ነው። ሐኪሙ «ትድናለች፤ ድምፅ ግን አይኖራትም» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ለእኔ የነገረኝ ልጇ ነው፣ ያውም ከሦስት ቀን በፊት። እሷማ ስድስት ወር ሙሉ «ጉንፋን ዘግቶኝ ነው፣ አትደውዪ፣ ጻፊልኝ» እያለች ስታሞኘኝ ከረመች። እኔም ሞኟ ስጽፍ ከረምኩ።

እንደሰማሁ ትኬት ቆረጥኩ። ሐሳቤ ከዋዜማው ደርሼ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እስኪበቃኝ ስታወራ ልሰማት ነበር። ሰው ያስባል እንጂ! የመጀመሪያው አውሮፕላን አምስት ሰዓት ዘገየ፤ ሁለተኛው እኔን ጥሎ በረረ። የሚቀጥለው የሚነሣው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው አሉኝ። በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ያ ድምፅ የለም። እንግዲህ የቀረኝ ከመግባቷ በፊት በስልክ መስማት ብቻ ነው።

ድምጿን ባታውቁት ነው። ስልክ ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ኦፕሬተሮች ነበርን፤ ደንበኛው ግን የሚጠይቀው እሷን ነው። ስሟን ስለማያውቁ «ወለላ የለችም?» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበረ፣ በየሳምንቱ እየደወለ ሰዓት ስንት እንደሆነ ይጠይቃታል። ሱቁ ውስጥ ሦስት የግድግዳ ሰዓት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ግን አንድ ቀን እንኳ ሳትሰለች፣ ደቂቃውን ሳትዘል ትነግረው ነበር።

ሥራውን ያስገባችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። ረጅም ክፍል ነው፣ መስኮቱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት። ከፊታችን ቀዳዳው የበዛ ሰሌዳ፣ እጃችን ላይ መሃሉ የተላላጠ ገመድ፣ ጆሯችን ላይ ፀጉር የሚያስተኛ ከባድ ማዳመጫ። ገመዱን ትሰኪያለሽ፣ «ተገናኝተዋል፣ ይነጋገሩ» ትያለሽ፣ ከመሃል ትወጫለሽ። አለቀ። በሁለተኛው ሳምንቴ አንድ ሰውዬ ከእጮኛው ጋር ሲጣላ ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ፣ ሳቄም ሊያመልጠኝ ሲል፣ እህቴ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ምዝልግ አድርጋ ቆነጠጠችኝ። «ጆሮሽን አንሺ! ያንቺ ወሬ አይደለም።» ከዚያ ወዲህ የሰው ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «ሃሎ» ሲባል ሰምቼ ወጥቻለሁ። ይቺ የዛሬዋ ጥሪ የራሴ ናት፣ እስኪበቃኝ እሰማለሁ ብዬ ነበር።

ወደ ጣጣዬ ልመለስ። ዋይፋዩ ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ኮድ ልኬልሻለሁ አለኝ። ጠበቅኩ፣ የለም። መረጃ መስጫው ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ሄድኩ። ጥፍሯ ላይ ዓይኗ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታዋ፣ ሁለቱ አይተዋወቁም።

«እማማ፣ ኮዱ በስልክዎ ይመጣል» አለችኝ።

«ሲም ካርዴ የሌላ አገር ነው፣ እዚህ አይሠራም የኔ ልጅ። በምን ይምጣ? በእግሩ?»

«ኮዱን ለማየት ስልክዎ መሥራት አለበት።»

«ስልኬ ቢሠራማ ዋይፋይ ምን ያደርግልኛል?»

አሰበች። ማሰቧን አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ቀጥላም «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ እናቴ?» አለች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በሚል ድምፅ። የአብዬን ወደ እምዬ! እኛ በኛ ዘመን «ምን ላድርግ» ብንል አለቃችን ወንበራችንን ከበታቻችን ይነቅለው ነበር። ደግነቱ ትንሽ ቆይታ ጣቷን ቀሰረች፤ እዚያ ማዶ ፓስፖርት አንብቦ በወረቀት ኮድ የሚያወጣ ማሽን አለ አለችኝ።

ሄድኩ። ማሽኑ ፓስፖርቴን አነበበ፣ ቂር ቂር አለ፣ ባዶ ወረቀት ተፋ። ደገምኩ። ባዶ። ደሜ ፈልቶ በመዳፌ ልመታው ስል አንድ ድምፅ ከኋላዬ «ተይው እናቴ፣ እሱ ከሞተ ወር አልፎታል» አለኝ።

ሻንጣ በላስቲክ የሚጠቀልለው ሰውዬ ነው። ክንዱ እንደ አንጥረኛ የደነደነ፣ ሻንጣውን እንደ ሕፃን እያገላበጠ የሚጠቀልል። ሥራውን ሳያቆም ነገረኝ፤ የሚሠራው ማሽን ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለው ነው። «ግን ልብ በይ» አለኝ፣ «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጥሽ። የሚቆጥረው ደግሞ ስታወሪ አይደለም፣ ኮዱን ካስገባሽበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ለአንድ ፓስፖርት በቀን አንዴ። የራሴን ስልክ ብሰጥሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ሥራ ስንገባ በር ላይ ይወስዱብናል።»

እግዜር ይስጥህ ብዬ ሮጥኩ። በስልሳ ስምንት ዓመት ሩጫ ከተባለ።

ኮዱ ወጣ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አስገባሁት። ለልጇ ደወልኩ። «በመገናኘት ላይ» አለኝ፣ ዝም አለ፣ ጠፋ። ደወልኩ። የልጇ ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ፣ ጠፋ። ደወልኩ። «አክስ—» አለ፣ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነ።

ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁት። ሦስት አውሮፕላን ዘግይቷል፤ ሦስት መቶ ሰው ስልኩ ላይ ተደፍቷል። አንዱ ፊልም ያያል፣ አንዷ ከነልጆቿ እየተሽከረከረች ራሷን ትቀርጻለች፣ አንዱ ኳስ እያየ ብቻውን ይሳደባል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ለዚህስ አስተማሪ አያሻኝም፤ መስመር ተጨናንቋል! ይኼን በሽታ ዕድሜዬን ሙሉ ሳክም ኖሬያለሁ።

መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። በኛ ጊዜ ሁለቱ ከተሞች መሃል የነበሩት ስድስት መስመሮች ብቻ ናቸው። ስድስቱም ተይዘው ሐኪም ቤት ወይም የሞት መርዶ ወይም ቃጠሎ ከመጣ፣ ኦፕሬተሯ ከሚያወሩት ሰዎች መሃል ትገባለች። ማንም ይሁኑ ማን ትገባለች። «ይቅርታ አቋርጣችኋለሁ። አስቸኳይ ጥሪ አለ። እባካችሁ መስመሩን ልቀቁ» ትላለች። ይለቃሉ! አንድ ጊዜ ስለ ሠርግ ልብስ ቀለም የሚጨቃጨቁ እናትና ልጅ መሃል ገብቼ፣ እናትየዋ «በይ ልጄ ዝጊው፣ የሰው ጉድ ይቅደም» ብላ ዘጋችው። የማላውቀው ሰው ልጅ በዚያ መስመር ሐኪም ደረሰለት። ሰው ለማያየው ሰው ያዝን ነበር ያኔ። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ምን አፍራለሁ፣ ይናፍቀኛል።

ተነሣሁ። ከአዳራሹ መሃል ቆምኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያልነካሁትን ድምፅ ከደረቴ አወጣሁት።

«ይቅርታ አቋርጣችኋለሁ። አስቸኳይ ጥሪ አለ። እባካችሁ መስመሩን ልቀቁ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ ሳቅ። ፊልም የሚያየው ጎረምሳ «እማማ፣ ይኼ እኮ ዋይፋይ ነው» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት። «የምን መስመር ነው?»

«መስመርማ መስመር ነው!» አለ አንድ ድምፅ። ከወደ መስኮቱ ከዘራውን ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። «ይኼን ቃል ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። መስመር ልቀቁ ከተባለ ይለቀቃል፣ ለምን አይባልም።» ብሎ የራሱን ስልክ አውጥቶ በሁለት እጁ እየታገለ አጠፋው።

እኔም የቀረውን ተናገርኩ። በኦፕሬተር ደንብ የጥሪ ምክንያት አይነገርም፣ ግን ተናገርኩት። «እህቴ በአራት ሰዓት ማንቁርቷ ሊወጣ ነው። ከዛሬ በኋላ አትናገርም። አንድ ጊዜ ልሰማት ነው የምፈልገው። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ሳቁ ጸጥ አለ። ራሷን የምትቀርጸው ሴት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኳስ የሚያየው «ጎል ሊገባ ሲል!» ብሎ አጉረመረመና ዘጋው። ሁሉም አይደለም፣ አልዋሻችሁም፤ አንድ ሁለቱ እንዳላየ ሆነው ቀጠሉ። ጆሮዋን የደፈነችውን አንዲት ሴት ሻንጣ ጠቅላዩ ትከሻዋን ነክቶ አስረዳት። ጎረምሳው ፊልሙን ሲዘጋ ፊቱ ቀልቶ ነበር። በመጨረሻ መረጃ መስጫው ላይ ያለችው ልጅ ራሷ ድምፅ ማጉያውን አንሥታ፣ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ደገመችው። ለካ ጥሩ ድምፅ አላት።

ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፎ ነበር፣ ቆጣሪው ግን አይጠብቅም። ደወልኩ። «በመገናኘት ላይ» አለኝ። ዝም። ጠፋ። ደገምኩ። አዳራሹ ሙሉ ያየኛል። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ ጠራ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«አክስቴ! የት ነበርሽ? ሊወስዷት አልጋውን አምጥተውላታል።»

«ስጣት! ስጣት!»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ «አለሁ» የሚል ሰማሁ። ሻካራ ነው፣ የተቀደደ ነገር ነው፣ ግን እሷ ናት። «እቴቴ» አልኩ። ልላት ያሰብኩት ስንት ነገር ነበር። «እኔ ነኝ፣ እቴቴ።»

«አው... ሽ... ደ...» መቆራረጥ ጀመረ።

እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? በዚያች በጉጉት በጠበቅኋት ደቂቃ፣ በዚያች ዳግም በማትገኝ፣ «እቴቴ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ቁጠሪልኝ!» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሃያ ስምንት ዓመት የተናገረውን ተናገረ። መስመር ሲበላሽ ወዲያ ያለችው ኦፕሬተር እስከ አሥር ትቆጥራለች፤ ወዲህ ያለችው የቱ ቁጥር እንደሚጎድል ታዳምጥና ወይ ታስተካክላለች፣ ወይ «ጥርት ብሎ ይሰማል» ትላለች። ከኦፕሬተር በቀር እህቱን በዚያ ሰዓት «ቁጠሪ» የሚል ጅል ከየት ይገኛል?

እሷም ከእኔ አትሻል፣ ኦፕሬተር ናት። አንድ ቃል አልተከራከረችኝም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች።

«አንድ። ሁለት፣ ሦስት።»

መስመሩ ድንገት ጠራ። ሻካራነቱ እንዳለ ነው፣ ግን ከሥሩ ያው ድምፅ ወጣ፤ ያ ልብስ ሰፊው ሰዓት እየጠየቀ የሚሰማው። ከሦስት ወዲያ ቁጥሩን ጎተት አድርጋ፣ በእኩል ልክ እያስቀመጠች።

«አራት። አምስት።»

በቃሽ፣ ሌላ ነገር አውሪኝ ማለት ነበረብኝ። ግን እየሰማሁ ነበር።

«ስድስት። ሰባት።»

ጭጭ። ስልኬን አየሁት። «የነፃ ጊዜዎ አልቋል። ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።»

የተሳደብኩትን አልነግራችሁም። ሽማግሌው ስልኩን እንደገና አብርቶ ሰጠኝ፣ ምነው ቀደም ብሎ ለማናችን ቢታሰበን! ጎረምሳው ቁጥሩን ጻፈልኝ። ጠራ። እስኪያልቅ ጠራ። የሚያነሳ የለም፤ ይዘዋት ሄደዋል፣ ልጁም ስልኩን ጥሎ ከአልጋው ጋር ሮጧል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «አገኘሻት?» እያለ በዓይኑ ይጠይቀኛል። አዎ አልኳቸው። ምን ልበላቸው፣ ቁጥር አስቆጠርኳት ልበል?

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሻንጣ ጠቅላዩ ውሃ አምጥቶልኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ለሱ ነበር እውነቱን የነገርኩት።

እህቴ ተዛውራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ እኔ እዚያው ስልክ ቤት ቀረሁ፤ የአንዱ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠራን። በመስመሩ የግል ወሬ ማውራት ክልክል ነው፤ የተገኘች ከደመወዟ ይቆረጣል፣ ከደገመች ትባረራለች። ግን በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስመሩ ይፈተሻል። እሷ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ ቀጥሎ እኔ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወሬያችን እሱ ብቻ ነበር። ከቆጠራዋ ሁሉን አውቅ ነበር። ጉንፋን ሲይዛት አምስት ላይ ትሰነጠቃለች። ያረገዘች ጊዜ ሰባትን ስትል ትስቅ ነበር፣ ለማንም ሳትናገር ያወቅሁት እኔ ነኝ። የፈራች ጊዜ ደግሞ ከሁለት ወደ ሦስት ትቸኩላለች።

«ዛሬስ?» አለኝ ሰውዬው።

«ቸኮለች» አልኩት። «ፈርታለች እህቴ። እኔም አላጽናናኋትም።»

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ደረስኩ። ልጇ በር ላይ ተቀብሎኝ ደህና ናት፣ ሁሉም ተሳክቷል አለኝ። ጠባብ ክፍል ናት፣ ነጭ አልጋ፣ አንድ ወንበር። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከመሃሉ አጭር ቱቦ ብቅ ብሏል፣ ትንፋሿ በዚያ ይገባል ይወጣል። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ላይ ትንሽ ሰሌዳና እስክሪብቶ። ስታየኝ አፏ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ገና አልለመደችውም።

ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። «ይቅር በይኝ እቴቴ» አልኳት። «ያቺን ደቂቃ አቃጠልኳት። ሌላ ስንት ነገር እያለ ቁጠሪ አልኩሽ። ሲያልቅ አያምር፣ እሷም አልቃ አሥር እንኳ ሳትደርሺ ተቋረጠ።»

ፀጉሬን ዳበሰችኝ። ከዚያ ገፋ አድርጋ ቀና አደረገችኝና ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«ስንት ላይ ተቋረጠ?»

«ሰባት ላይ» አልኳት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ጀርባዋን አቃናች፣ ድሮ ሰሌዳው ፊት እንደምትቀመጠው። ሁለት እጇን አንሥታ ስምንት ጣት አሳየችኝ። ጠበቀች፣ ልኩን ጠብቃ። ዘጠኝ። ደግሞ ጠበቀች። አሥር። አሥሩንም ጣቶቿን እንደዘረጋች ዓይኔን ትመለከተኛለች፣ መልስ ትጠብቃለች።

«ጥርት ብሎ ይሰማል» አልኳት።